የላ ኔግራ ጥንዚዛ

ኒዲያ ኪሴኖ ከላ ኔግራ ወንዝ ሰሞኑን የያዘችውን ወንድ ጥንዚዛ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስገባችው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነበር። የኤል ራማል መንደር ክስ ችሎት ሊቀርብ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጥንዚዛው ከሩዝ ፍሬ እኩሌታ አይበልጥም። ሆዱን በመርፌ ጫፍ አላቀቀች፤ ሥጋው እንዲሟሟ በፖታሽ ውሃ አሞቀችው፤ የተረፈችውን ቡናማ ስንጥር በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ አስተኛቻት። ከዚያ አየች። ቀና አለችና መነጽሯን በሸሚዟ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አየች።

የስንጥሯ ጫፍ እንደ ማንኪያ ክብ ነው። መሆን የነበረበት መንጠቆ ነው።

የቀሩትን ሦስት ወንዶች አንድ በአንድ ከፈተች። ሲመሽ አራቱም በአራት ጠብታ ውስጥ ተኝተው ነበር። አራቱም ማንኪያ።

በፈጣን ውሃ የሚኖሩ እነዚህ ጥንዚዛዎች ዋና አያውቁም። በትልልቅ ጥፍሮቻቸው ድንጋይ ጨብጠው፣ ሆዳቸው ላይ በለበሱት ስስ የአየር ሽፋን እየተነፈሱ፣ አንድም ቀን ወደ ላይ ሳይወጡ ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ውሃው ከቆመ ወይም ከደፈረሰ አለቀላቸው። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ ከላይ ላያቸው ሰው ልዩነት የላቸውም። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የወንዱ ብልት ቅርጽ ብቻ ነው። ሴቷን ለብቻዋ አግኝቶ ይቺ እገሊት ናት የሚል የለም። ስለዚህ የሙያው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ወንዱ ከተያዘበት ወንዝ የተገኘችውን ሴት የእሱ ናት ይላሉ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል።

ይህንን አምና ኤል ራማል መንደር ውስጥ ስታስረዳ፣ የውሃ ኮሚቴው ሴቶች በሳቅ ሊሞቱ ደርሰው ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶኛ ሊቢያ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ «እኛ እኮ ወንዶቻችንን የምንለየው በጠባያቸው ነበር፤ ለካ ጠጋ ብለን አላየንም» አሉ። ኒዲያ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ዶክተር እንዳልሆነች ደጋግማ ብትነግራቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተሬ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። በሄደች ቁጥር ገና ከደጅ ሳታልፍ ትኩስ የሸንኮራ ውሃ በኩባያ ይሰጧታል፤ በኤል ራማል እንግዳ ያንን ሳይጠጣ ነገሩን አይናገርም።

ወደዚያ መንደር የወሰዳት የመንደሩ ጠበቃ ነው። አንድ የወርቅ ኩባንያ ከላ ኔግራ ምንጭ በላይ ያለውን ተራራ ለመቁረጥ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። የኤል ራማል አራት መቶ ቤተሰብ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ቧንቧውን ከሠላሳ ዓመት በፊት በአካፋና በዶማ ያወረዱት ራሳቸው ናቸው፤ የዶኛ ሊቢያ ባል ዶን ኦራስዮ ቦዩን ሲቆፍሩ ተራራው ተንዶባቸው ነው የሞቱት። ጠበቃው ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰውን ካሳ ከፍሎ ማንሳት ይቻላል፣ ውሃም በቦቴ ማምጣት ይቻላል አላቸው፤ ዳኛ ቁፋሮውን የሚያቆመው ሌላ የትም የማይኖር ፍጡር እዚያ ካለ ነው። አላችሁ ወይ ሲላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በኋላ እየጠያየቀ ኒዲያ ከምትሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት ደረሰ።

እንዲህ ያለ ፍጡር ኒዲያ ጋ ነበር። መምህሯ ፕሮፌሰር አርቤላዬስ ሲሞቱ ያልተጠና ብልቃጥ የሞላበት ቁም ሣጥን ትተውላት ነበር፤ ከብልቃጦቹ በአንዱ ውስጥ መንጠቆ ያለው አንድ ወንድ አገኘች። እንዲህ ያለ መንጠቆ በየትኛውም ዝርዝር የለም። አልኮል ቀለምን ስለሚያጥብ መለያ ወረቀት የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ከብልቃጡ ውስጥ የገባችው ጥፍር የምታህል ወረቀትም በፕሮፌሰሩ የተጣደፈ ጽሑፍ «ላ ኔግራ፣ 1450 ሜትር፣ 14-8-96» ትላለች። የኤል ራማል ላ ኔግራ መንደሩ ጋ ስትደርስ ከፍታዋ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ሜትር ነው። በዝናቡ ወራት መረቧን ይዛ ሄዳ አሥራ አንድ ጥንዚዛ ያዘች፤ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። መጠናቸው ያው፣ ጥቁረታቸው ያው። የሙያው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ሴቶቹ የመንጠቆው ናቸው አለች፤ በመሐላ ቃል የተደገፈ ሪፖርት ጽፋም ፈረመች።

ዳኛዋ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም አዘዙ። በዚያ ቀን ኤል ራማል ዶሮና ካሳቫ በትልቅ ድስት ተቀቀለ። የመምህርነት ትምህርት የጀመረች አንዲት ልጅ ጥንዚዛውን ዶሮ አሳክላ በካርቶን ላይ ሣለችው፤ በኮሚቴው ቤት ግድግዳ ላይ ከዶን ኦራስዮ ፎቶግራፍ አጠገብ ተሰቀለ። ዶኛ ሊቢያ ስሙን ማን ያወጣል ብለው ጠየቁ። ኒዲያ መሬት መሬት እያየች፣ ስም የማውጣቱ መብት የእሷ እንደሆነ፣ እሳቸው ከፈቀዱም በዶን ኦራስዮ ልትሰይመው እንዳሰበች ነገረቻቸው። ዶኛ ሊቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልዱ እሺ አሉ።

አሁን አራት ማንኪያ ፊቷ ተኝቷል። ማንኪያው አዲስ አይደለም፤ ከባሕር ጠረፍ እስከ ደቡቡ ድንበር በየወንዙ የሚገኝ ተራ ዝርያ ነው።

አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። ሁለት ዝርያ በአንድ ወንዝ አብረው መኖር ይችላሉ። ስለዚህ መንጠቆው የተያዘበትን ወንዝ ልታረጋግጥ ረቡዕ ጠዋት ፕሮፌሰሩን ሠላሳ ዓመት በመኪና ያመላለሱትን ዶን አኒባልን ፍለጋ ሄደች። ዶን አኒባል ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ይዘው ይውላሉ። ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት፤ ፈገግ አሉ።

«ይቺ ጽሑፍ የሱ ናት። አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ነበር የሚጽፈው።»

ቀኑን ያስታውሱታል ወይ አለቻቸው። እንዴት አላስታውስ አሉ፤ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሌሊት የኤል ራማልን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት ነበር። መንገድ ተዘግቶ ተመለሱ። ፕሮፌሰሩ ባዶ እጃቸውን መመለስ ስለማይወዱ ተራራውን ዞረው በምዕራብ በኩል ወረዱ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ሲወጡም በረዶ ሆነው ነበር።

«ታዲያ ወረቀቱ ላ ኔግራ ነው የሚለው» አለች ኒዲያ። ድምፅዋ ከወትሮውም አንሶ ነበር።

«ላ ኔግራ ናታ። የምዕራቧ ላ ኔግራ። ልጄ፣ እዚህ ተራራ ላይ ዛፍ ያጠላበትን ወንዝ ሁሉ ጥቁሯ ነው የሚሉት። እኔ ራሴ ስድስት አውቃለሁ። እሱ የትኛዋ እንደሆነች ያውቀዋል፤ ለማን ብሎ ይጻፈው?»

ያቺኛዋ አሁን የት ናት ብላ ጠየቀች። መልሱን ግን ሳይነግሯት አውቃው ነበር። ዶን አኒባል በእጃቸው ወደ ታች አመለከቱ። ፕሮፌሰሩ ከወረዱባት ከሰባት ዓመት በኋላ ሸለቆው ለመብራት ኃይል ተገድቦ ሞላ። ወንዟ ከሐይቁ ግርጌ ናት፤ ስልሳ ሜትር የቆመ ውሃ ተጭኗታል።

ኒዲያ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች። አንድ ወንድ። ከዚያ ወንዝ ወደ ላይ የወጣው እሱ ብቻ ነው። የወጣውም ሞቶ ነው።

ዶን አኒባል አዩዋት። ስለ ክሱ በሬዲዮ ሰምተው ነበር። «እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠዋት የበላሁትን አላስታውስም። ሰው መጥቶ ከጠየቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከልቤ ነው የምልሽ።»

አመስግናቸው ወጣች።

በሙዚየሙ አንድ ደንብ አለ። የተሳሳተም ቢሆን የድሮ መለያ አይነሳም፣ አይታረምም። ስህተቱን ያገኘ ሰው ሌላ ወረቀት ጽፎ፣ የስሙን መነሻ ፊደላት አክሎ፣ ከሥሩ ያስገባል። በዚያ ምሽት ኒዲያ የፕሮፌሰሩን ወረቀት በወረንጦ አውጥታ በመስታወት ላይ ዘረጋችው። «ላ ኔግራ» ከሚለው ቀጥሎ ጣት የማይሞላ ባዶ ቦታ አለ። «ኤል ራማል» ለመጻፍ ይበቃል። እርሳሱም ያው ዓይነት እርሳስ ነው። የመምህሯን «ል» እና «ራ» ከእሳቸው ይልቅ እሷ ታውቃቸዋለች፤ ስንት ዓመት እያነበበች ኖራለች። እርሳሱን አነሳች። እጇ እስኪደክም ያዘችው፤ ከዚያ አስቀመጠችው፤ ወረቀቱንም ወደ አልኮሉ መለሰችው።

በሳምንቱ መጨረሻ ኤል ራማል ሄደች። ዶኛ ሊቢያ ኩባያውን አስያዟት። ጠጥታ ጨረሰችና ነገረቻቸው። ስትጀምር ከመጨረሻው ጀመረች፤ ተመልሳ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ማንኪያውና ስለ መንጠቆው፣ ስለ ግድቡ ተናገረች። ዶኛ ሊቢያ ያልገባቸውን አንድ ሁለት ቦታ አስደገሟት። ከዚያ ባቄላ ሲለቅሙበት የነበረውን ሰፌድ ከጭናቸው አወረዱ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። ዶን አኒባልም ያውቃሉ፤ እሳቸው ግን አይናገሩም።»

«አንቺም አትናገሪ።»

ኒዲያ ግን፣ ኩባንያው የራሱን ባለሙያ ቢያመጣ፣ መረብ ይዞ አንድ ቀን ቢውል ወንዱን እንደሚያገኘው አስረዳች። ዶኛ ሊቢያ ሰሟት። «ያምጣ። ሲያመጣ እሱ ይናገር። ምናልባት አያመጣም። ምናልባት ዓመት ይፈጅበታል። ዓመት ውሃ እንጠጣለን።»

«ፈርሜበታለሁ፣ ዶኛ ሊቢያ። በመሐላ።»

«ጥንዚዛው ሞቷል። እኛ አልሞትንም። የሞተ ቢዋሽበት ምን ይሆናል?»

ይህንን ኒዲያ ራሷን ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው። ያ ዝርያ ስም እንኳ ሳይወጣለት ከስልሳ ሜትር ውሃ ሥር ቀርቷል። በሕይወት አለ ብላ ከጻፈች፣ መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ይህ ለሰው ሲነገር እንዴት ትንሽ እንደሚሆን ታውቃለች። አራት መቶ ቤተሰብ አጠገብ ሲቀመጥ የሩዝ ፍሬ እኩሌታ ነው።

«አልችልም» አለች ብቻ።

ዶኛ ሊቢያ ሰፌዱን መልሰው አነሱ። «ዳኛዋ አንድ ቀን እንኳ ስንት ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችንም» አሉ። «ስለሱ ጠየቀች። ስንት እግር አለው ብላ ጠየቀች። እኛ በሱ ጥላ ገብተን ነው ሰው የሆንነው፤ እሱም የሌላ ሰው ወንዝ ፍጡር ሆኖ አረፈው።»

ኒዲያ ባዶውን ኩባያ ደፉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በችሎቱ ቀን ከኤል ራማል ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቶ ነበር። የኩባንያው ጠበቆች ጥንዚዛውን አላነሱትም፤ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ይዘው ነበር የመጡት። ማንም አልጠየቃትም፤ ዝም ብትል ኖሮ ቀኑ እንዲሁ ባለፈ ነበር። ኒዲያ እጇን አወጣች። የተናገረችው አልተሰማም። ዳኛዋ ድምፅ እንድትጨምር ነገሯት። እንደገና ተናገረች፤ ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ተነሥታ ቆመችና የአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ሪፖርቴ ስህተት ነው፣ ጥንዚዛው እዚያ አይኖርም፣ አሁን የትም አይኖርም አለች። የመንደሩ ጠበቃ ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ መክተት ጀመረ። ኒዲያ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሰዎቹ ሲወጡ የወንበሩን ድምፅ ብቻ ሰማች፤ የሰደባት እንኳ አልነበረም።

እግዱ በሦስተኛው ሳምንት ተነሣ።

በዚያ ወር መጨረሻ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኤል ራማል ወጣች። ማንም አልጠራትም። ቢጫ ማሽኖች በመንገዱ ዳር ተራቸውን ጠብቀው ቆመው ነበር፤ አውቶቡሱ እያንዳንዱን ለማሳለፍ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይጠጋል። በኮሚቴው ቤት ግድግዳ ላይ ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ዶን ኦራስዮ ከነፎቶግራፋቸው አሉ፤ አጠገባቸው አራት ማዕዘን ነጭ ግድግዳ ነው።

ዶኛ ሊቢያ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ገብተው ኩባያ ይዘው ተመለሱ። ስትቀበላቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሸንኮራ የለውም፣ እሳት አልነካውም። የቧንቧ ውሃ ነው።

«ጠጪ» አሉ። «ገና ንጹሕ ነው።»

ጠጣች። ጥርስ የሚያም፣ የድንጋይ ጣዕም ያለው ውሃ ነው። ዶኛ ሊቢያ እስክትጨርስ ጠብቀው ኩባያውን ተቀበሉ።

«የባሌን ስም ከዚያ ነገር ላይ አንሺልኝ። ኦራስዮ የሞተው ለዚህ ወንዝ ነው። ያኛውን አያውቀውም።»

«ሳልጽፈው ነው የመጣሁት» አለች ኒዲያ። ስሙን አሁንም ይፈቅዱላት እንደሆነ ልትጠይቃቸው ነበር የመጣችው። ሳትጠይቅ ተመለሰላት።

«ደግ አደረግሽ፣ ዶክተሬ።» የለመደችው ቃል ነበር፤ ሳቁ ግን አብሮት አልነበረም። በሩን አልዘጉባትም። ገብተው ወደ ጓዳ አለፉ፤ ከዚያ የምትጠብቀው አልነበረም።

ወደ ወንዙ ወረደች። ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ድረስ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ላይ ያለው እድፍ ሁሉ ይታያል። አንድ ድንጋይ ገልብጣ በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው። ጥንዚዛው ጥፍሩን አልለቅ ብሎ ታገላት። ወንድ ይሁን ሴት አላወቀችም፤ ተራው ዝርያ እንደሆነ ግን ታውቃለች፤ ማንም የማይፈልገው፣ በየሙዚየሙ ሺህ የሚሆነው። ብልቃጥ ውስጥ አኖረችው።

የፕሮፌሰሩ ብልቃጥ አሁን ሁለት ወረቀት አለው። ከድሮው ሥር የገባው በእሷ እጅ «የምዕራቧ ላ ኔግራ፣ ከግድቡ ሥር፣ ኒ. ኪ.» ይላል። የዝርያው ስም የሚጻፍበት ቦታ ገና ባዶ ነው።

ዳር ላይ ከነእርጥብ እግሯ ተቀምጣ ከደብተሯ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቀደደች፤ በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። ላ ኔግራ። ኤል ራማል። ከተራራው ምሥራቅ፣ ከአራት መቶ ቤተሰብ ቧንቧ በታች። ከዶኛ ሊቢያ ቤት ቁልቁል መቶ ሃያ እርምጃ። ቀኑን ከነወሩና ከነዓመቱ ጻፈች። የወረቀቱ ፊት ሞላ። ውሃው ገና ንጹሕ መሆኑን በጀርባው ልትጽፍ ገለበጠችው። ከመንገዱ ላይ የማሽን ሞተር ሲነሣ ተሰማ። እርሳሱን በጥርሷ አሾለችና ጻፈች።